በተመጋቢው ፊት የሚሠራ ማዕድ

የሰው ልጅ ክብሩ በእጁ ሥራ የሚታወቅ መሆኑን በቃል የሚሰብኩ ድርሳናት ብዙ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ይህን እውነት በዓይኑ ለማየት የሚወድ ሰው፣ በሰሜን ምዕራብ ቻይና የጋንሱ ክፍለ ሀገር ርእሰ ከተማ በሆነችው፣ ቢጫው ወንዝ መካከሏን ሰንጥቆ በሚያልፍባት በላንዡ፣ ማለዳ ከአንድ ተራ የላሚየን ቤት ገብቶ ቢቀመጥ፣ ጥበበ እድ ምን ያህል የከበረ ነገር እንደ ሆነ ያለ ሰባኪ ይረዳል።

ላሚየን በእጅ እየተሳበ የሚሠራ የስንዴ ኑድል ሲሆን፣ የላንዡ ሕዝብ ከበሬ ሥጋ መረቅ ጋር ይልቁንም ለቁርስ ይመገበዋል። እንግዳው አስቀድሞ ዋጋውን ከፍሎ የተቀበለውን ቲኬት በወጥ ቤቱ መስኮት ሰጥቶ የሚሻውን ዓይነት ይናገራል፤ ከጸጉር ቅጥነት አንሥቶ ሁለት ጣት እስከሚያህል ስፋት ድረስ ምርጫው የተመጋቢው ነውና። ባለሙያውም በሚገባ የታሸውን ሊጥ ከገበታው ላይ አድቦልቡሎ፣ ሁለቱን ጫፎች ይዞ ክንዶቹ እስኪዘረጉ ድረስ ይስበዋል፤ አጥፎ ደግሞ ይስበዋል፤ ክሮቹ እንዳይጣበቁም ዱቄት ይነሰንስባቸዋል። በየመታጠፉ ቍጥራቸው እጥፍ ስለሚሆን፣ ያ አንድ ሊጥ ስምንት ጊዜ በታጠፈ ጊዜ 256 ክር ሆኖ ከሚፈላው ውኃ ውስጥ ይገባል። ሳይበጠስ እንዲሳብ የሚረዳው፣ በቀድሞ ዘመን ከበረሃ ቍጥቋጦ አመድ ይወጣ የነበረ፣ ዛሬ ግን በአብዛኛው ተጣርቶ የሚዘጋጅ ቅመም ነው።

ይህ መብል ከቻይና ሙስሊሞች ከሑይ ሕዝብ የተገኘ ስለ ሆነ፣ ሥርዓታቸውን በሚጠብቁት ቤቶች የዓሣማ ሥጋም ሆነ የሚያሰክር መጠጥ አይቀርብም። ስሙ ከማ ባውዚ ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ እርሱም በ1915 እ.ኤ.አ. ገደማ በላንዡ ይህን መብል ያስከበረ ሰው ነው። መልካም የተባለው ሳህን በአምስት ምልክት ይታወቃል፦ መረቁ የጠራ፣ ፍጅሉ የነጣ፣ በርበሬው በዘይት የቀላ፣ የድንብላሉና የነጭ ሽንኩርቱ ቅጠል የለመለመ፣ ኑድሉም ቢጫ መሆን አለበት። መረቁ የጠራ ይሁን ማለት፣ አጥንቱና ሥጋው ከቅመሙ ጋር ለብዙ ሰዓት ሲቀቀል አረፋውን እየገፈፈ የሚጠብቅ ትጉህ ሰው ይኑር ማለት ነው፤ ስንፍና በዚህ መረቅ ውስጥ መሸሸጊያ አታገኝም።

ይህን ማዕድ የጉልበት ሠራተኛውና ሹሙ፣ ተማሪውና መምህሩ በአንድ ገበታ ተቀምጠው ይመገቡታል። ለሕዝቡ ዕለታዊ እንጀራ ከመሆኑም የተነሣ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ዋጋው በተወደደ ጊዜ የከተማይቱ ሹማምንት በተራዎቹ ቤቶች የአንዱ ትልቅ ሳህን ዋጋ ከሁለት ዩዋን ተኩል እንዳያልፍ ወሰኑ። ድኃው ከማዕዱ እንዳይለይ ማሰብ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ሥጋውና ዱቄቱ ሲወደድ የሳህኑን ዋጋ ብቻ መወሰን ሸክሙን ከበላተኛው አንሥቶ በሠሪው ትከሻ ላይ የሚጥል ስለ ሆነ፣ የሕዝብን ሆድ እንጠብቃለን የሚሉ ሁሉ ሕዝቡን የሚመግበውን ክንድ ጭምር መጠበቅ እንደሚገባቸው በጽኑ አምናለሁ። ሊጥን መሳብ በመጽሐፍ ንባብ ብቻ የማይገኝ፣ በረጅም ልምምድ ወደ ጡንቻና ወደ ጣት የሚገባ ትምህርት ነው፤ ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነም ዕውቀቱን ርካሽ ማድረግ ታላቅ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ለንግድም ሆነ ለትምህርት ወደ ቻይና የምትሄድ ወገኔ ሆይ፣ እንዲህ ያለው ቤት በላንዡ ብቻ ሳይሆን በብዙ ከተሞች ስለሚገኝ፣ ገብተህ በምትቀመጥበት ጊዜ ወደ ሳህኑ ከማጎንበስህ አስቀድሞ ወደ ባለሙያው ተመልከት፤ ሲሠራ ሳለ ያየኸውን ሰው ሳታመሰግን አትውጣ።