መጀመሪያ መደርደሪያው ይቆጠር

እንደ ዋሂል ባለ የድሬዳዋ ገጠር የሚገኝን የጤና ጣቢያ የመድኃኒት መጋዘን በሶፍትዌር ለመምራት የሚያቅድ ሰው ከኮምፒዩተሩ ሳይሆን ከመደርደሪያው ይጀምር ባይ ነኝ። ብዙ የአገራችን ጤና ተቋማት የሚጠቀሙበት ዳጉ የተባለው የክምችት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የሚደምረው ግን የሰጡትን ነው። አንዱ ፓራሲታሞልን በፍሬ፣ ሌላው በፓኬት ካስገባ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ለማንም አይበጅም። ስለዚህ መለኪያው አንድ ይሁን፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ተለይቶ ይውጣ፣ ከዚያ የመጋዘኑ በር ተዘግቶ ይቆጠር። በተቀናጀው የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት መሠረት ጤና ጣቢያ በየ2 ወሩ ሪፖርቱንና ጥያቄውን አንድ ላይ ይልካል፤ ክምችቱም ከ4 ወር ፍጆታ መብለጥ የለበትም። የሚላክለት መጠን የሚሰላው ከፍጆታውና በእጁ ካለው ነውና የመነሻ ቆጠራው ከተዛባ ስህተቱ ድሬዳዋ እስካለው የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ድረስ ይጓዛል። መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ሳለ ማሽኑ «አለ» ካለ፣ የወባ መድኃኒት የምትፈልግ እናት ባዶ እጇን ትመለሳለች። ሥልጠናውም በሆቴል አዳራሽ (አበሉ ባይጠላም) ሳይሆን እዚያው ካርቶኑ መሀል፣ ቢያንስ ለሁለት ባለሙያ ይሰጥ፤ አንዱ በተዛወረ ቁጥር የይለፍ ቃሉም አብሮት የሚሄድበት መሥሪያ ቤት ሞልቷል። ቢን ካርዱን፣ ማለትም ክምችቱ በእጅ የሚመዘገብበትን ወረቀት፣ ለመጣል ከሚቸኩሉት ጋር ደግሞ አልስማማም፤ ሁለት የሪፖርት ዙር ያህል ወረቀቱና ማሽኑ ጎን ለጎን ይሂዱ፣ ልዩነታቸውም በየሳምንቱ ይታይ። ድርብ ሥራ ነው የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ መብራት በጠፋበት ቀን ግን መድኃኒት ማውጣት የሚቻለው በካርዱ ነው።