ወንዱን ጥጃ ምን እናብላው?

የፍሪዥያንና የቦረና ዲቃላ የሆነች ላም በወለደች ጊዜ ከአርቢው አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ ሴት ናት ወይስ ወንድ? ሴት ከሆነች ደስታ ነው፤ የነገዋ ላም ናትና። ወንድ ከሆነ ግን ፊት ይጠቁራል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ የወተት ከብት ርባታዎች በርካታ ወንድ ጥጆች በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሸጣሉ፤ አለዚያም ወተት ተነፍጓቸው መንምነው ይሞታሉ። ከሚወለዱት ጥጆች ግማሽ ያህሉ ወንዶች መሆናቸውን ስናስብ ብክነቱ ቀላል አይደለም።

አርቢውን ለመውቀስ አንቸኩልም። ጥጃው በቀን 4 ሊትር እየጠጣ 90 ቀን ቢቆይ 360 ሊትር ወተት ይጨርሳል፤ ይህን ያህል ወተት ለወንድ ጥጃ ማፍሰስ ለማንም ይከብዳል። እኛ የምንቃወመው ስሌቱን ሳይሆን መነሻውን ነው። ጥጃው 3 ወር ሙሉ ወተት መጠጣት የግድ አያስፈልገውም።

ምክንያቱ ያለው በሆዱ ውስጥ ነው። ጥጃ ሲወለድ ትልቁ ጨጓራው ገና አልዳበረም። የሚጠባው ወተት በጉሮሮው ቧንቧ መጨረሻ ባለ እጥፋት አማካይነት ትልቁን ጨጓራ አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ይገባል። ስለዚህ ትልቁን ጨጓራ የሚያሳድገው ወተት ሳይሆን ደረቅ መኖ ነው። ጥጃው የተፈጨ እህል ሲቀምስ ረቂቅ ተሕዋስያን ያብላሉታል፤ ከዚህ የሚመነጩት የቡቲሪክና የፕሮፒዮኒክ አሲዶች የጨጓራው ውስጠኛ ግድግዳ ጣት መሰል ጥቃቅን ቅጥያዎችን እንዲያበቅል ያደርጉታል። ጭድ ብቻውን ይህን አይሠራም፤ ሆድ ይነፋል እንጂ። ሆዳቸው ተነፍቶ የጎን አጥንታቸው የሚቆጠር ጥጆችን ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል።

እንገሩን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ማጥባት ግድ ነው፤ በዚህ ላይ ቁጠባ የለም። ከዚያ በኋላ ግን በቀን 4 ሊትር ለ35 ቀን፣ ቀጥሎም 2 ሊትር ለ14 ቀን ቢሰጠው ጠቅላላው 168 ሊትር ይሆናል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የተፈጨ በቆሎ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተደባልቆ፣ ከንጹሕ ውኃ ጋር ይቅረብለት። ወተቱ የሚቋረጠውም ቀን በመቁጠር ብቻ ሳይሆን፣ ጥጃው ለ3 ተከታታይ ቀናት አንድ ኪሎ ያህል ድብልቅ መብላቱ ሲረጋገጥ ነው። የተረፈው 192 ሊትር ለገበያ ይወጣል፤ የድብልቁም ወጪ ከዚሁ ይሸፈናል።

ጡት ከጣለ በኋላ ሌላ ስሕተት ይጠብቀዋል። ብዙዎች ወይፈኑን ዓመት ሙሉ በጤፍ ጭድ አቆይተው በመጨረሻዎቹ 3 ወራት በሞላሰስና በፋጉሎ ሊክሱት ይሻሉ። በጭድ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን ከመቶ 5 እጅ አካባቢ ሲሆን፣ የጨጓራው ተሕዋስያን ሥራቸውን በአግባቡ ለመሥራት ቢያንስ 7 እጅ ይፈልጋሉ። ዲቃላው ቁመናው ትልቅ ነው፤ ስብ የሚይዘውም ዘግይቶ ነው። አጥንትና ጡንቻ የሚገነባበትን ጊዜ በረኃብ ካሳለፈ ኋላ የሚደረግለት ማድለብ የባከነውን በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይመልስለትም። በድንገት እህል ሲበዛበትም ጨጓራው በአሲድ ተመትቶ ሊሞት ይችላል።

ጭዱን ማሻሻል ይቻላል። ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ አሟሙቶ መርጨት፣ ጠቅጥቆ በላስቲክ ማፈን፣ ከ3 ሳምንት በኋላም አናፍሶ ማብላት ነው። ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ ግን አይሰጥም፤ ዩሪያው ይመርዘዋል። ኬሚካል የማይሻ ብልሃት ያየነው ደግሞ በሐረርጌ ነው። የዚያ ገበሬ ማሽላና በቆሎ ሲያሳሳ የነቀለውን ችግኝና የሸለቀቀውን ቅጠል ከደጁ ላሰረው በሬ በየዕለቱ በእጁ ይመግባል። የሐረር ሰንጋ የሚባለው ከዚህ ትዕግሥት የሚወጣ ነው።

የሥጋ ነጋዴዎች የዲቃላ ወይፈን ጮማ የለውም ይላሉ። እውነት ነው፤ በ2 ዓመቱ የሚታረድ ዲቃላ ሥጋው ቀይ ነው፤ ለቁርጥ የሚመርጠው ላይኖር ይችላል። ለጥብስና ለወጥ ግን፣ አርሶ አርሶ ካረጀ በሬ ሥጋ ይልቅ እርሱን እንመርጣለን።