መናፈሻው ክፍት ነው፤ የዕረፍት ቀኗስ?

ዐረቦች «ሺታ» የሚሉት ወቅት ገብቷል። ቃሉ «ክረምት» ተብሎ ሲተረጎም የአገራችን ሰው ሐምሌን፣ ዝናቡንና ጭቃውን ያስባል። እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚነደው ደማም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቀዝቀዝ ይላል። ቤተሰቡ ምንጣፉንና የሻይ ፔርሙዙን ይዞ ወደ ባሕር ዳርቻና ወደ መናፈሻ ይወጣል። ፌስቲቫሉና የማኅበረሰብ ዝግጅቱ የሚበዛውም በዚሁ ወቅት ነው።

በምሥራቁ ክልል ለዚህ ወቅት ከሚመቹት ታሪካዊ ቦታዎች ቀዳሚው የአል አሕሳ የቴምር ምድር ነው። ከደማም ወደ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከደማም ወደ ሪያድ የሚሄደው ባቡርም በሁፉፍ በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ይህ ቦታ 2.5 ሚሊዮን የቴምር ዛፎች ያሉት፣ በዓለም ትልቁ የበረሃ ገነት ነው። የተመዘገበው ዛፉ ብቻ አይደለም፤ ምንጮቹ፣ የውኃ ቦዮቹ፣ ጉድጓዶቹና ጥንታውያን ሕንፃዎቹም ጭምር ናቸው። ከእነዚህ ሕንፃዎች አንዱ በሁፉፍ የሚገኘው የኢብራሂም ቤተ መንግሥት ነው። በቅርብ ዓመታት በብርዱ ወራት በግቢው የቴምር ፌስቲቫል ሲካሄድ ቆይቷል።

ርቆ መሄድ ለማይችል ደግሞ በደማም የባሕር ዳርቻው ኮርኒሽና የንጉሥ ፈህድ መናፈሻ አሉ። ብዙ አንባቢዎቻችን የሚኖሩበት ሰፈር፣ አል መዝሩዒያ፣ ስሙ ራሱ ከእርሻ የመጣ ነው። በዐረብኛ «ዘረዐ»፣ በግዕዝ «ዘርዐ»፣ በእኛ አፍ «ዘራ» አንድ ቃል ናቸው። መዝሩዒያ ማለት የተዘራባት፣ የለማች ማለት ነው።

በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ እህቶቻችን አይጠፉም። ጥያቄያችን እንዴት ነው የሚገኙት የሚለው ነው። አንዷ የሕፃን ጋሪ ትገፋለች። ሌላዋ ከዥዋዥዌው ሥር ቆማ ልጁ እንዳይወድቅ ዓይኗን አትነቅልም። ሦስተኛዋ ምንጣፉን ታነጥፋለች፣ ሻዩን ትቀዳለች፣ ሲመሽ ሁሉንም ሰብስባ መኪናው ላይ ትጭናለች። ከዚያ ቤት ገብታ ዕቃውን ታጥባለች። በመሀል ያነሳችውን አንድ ፎቶ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቿ ሲያዩት «ጎበዝ፣ ተዝናኚ!» ይሏታል። ያ ቀን ግን ለእሷ ከማንኛውም የሥራ ቀን የረዘመ ነበር።

ስለዚህ በግልጽ እንናገር፦ ከአሠሪ ቤተሰብ ጋር መናፈሻ መሄድ ሥራ ነው። ዕረፍት አይደለም።

ይህን ስንል አሠሪዎችን ሁሉ በክፉ ለመፈረጅ አይደለም። «የትም ስንሄድ ይዘናት እንሄዳለን፣ ከልጆቻችን አንለያትም» የሚሉ ብዙዎች በቅንነት ነው የሚናገሩት። አብሮ መውጣቱም ቤት ተቆልፎ ከመዋል ይሻላል። ነገር ግን የሰው ልጅ የሚያርፈው ኃላፊነቱን ሲያስቀምጥ ነው። ዓይኗ ከልጁ፣ ጆሮዋ ከማዳም ጥሪ መለየት ያልቻለ ሴት አየር ቀየረች እንጂ አላረፈችም።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀን ሥራን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። በሳምንትም ሳይቋረጥ 24 ሰዓት የሚቆይ፣ ደመወዝ የማይቆረጥበት የዕረፍት ቀን ይሰጣል። «ሳይቋረጥ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ጠዋት ምሳ አብስላ፣ ከሰዓት ሦስት ሰዓት ተፈቅዶላት፣ ማታ እራት ልታቀርብ የምትመለስ ሴት ያንን ቀን አላገኘችም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 በአንቀጽ 9 አንድ እርምጃ ጨምሮ፣ በአሠሪ ቤት የምትኖር ሠራተኛ በዕረፍቷ ሰዓት እዚያው ቤት ወይም ከቤተሰቡ ጋር እንድትቆይ አትገደድም ይላል። ሳዑዲ ዓረቢያ ስምምነቱን አላጸደቀችም፤ ሐሳቡ ግን የትም ቦታ እውነት ነው።

በትርጉም ሥራ ደጋግመን የምናየው አንድ ችግር አለ። እህቶቻችን የዕረፍት ቀን ሲጠይቁ «ኢጃዛ» ይላሉ። ኢጃዛ መፍቀድ ከሚለው የዐረብኛ ግሥ የወጣ ነው፤ ልክ እኛ «የዓመት ፈቃድ» እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ገና ከአፍ ሲወጣ ልመና ይመስላል፤ የሚሰማውም ሰው ቢፈልግ ይፈቅዳል፣ ባይፈልግ ይከለክላል። ደንቡ የሚጠቀምበት ቃል ግን «ራሓ» ነው፤ ዕረፍት ማለት ነው። «አብጋ ዮም ራሕቲ» ብትሉ «የዕረፍት ቀኔን እፈልጋለሁ» ማለታችሁ ነው። «ኒትፊግ ዐለ ዮም» ደግሞ «በቀኑ እንስማማ» ማለት ነው። ሁለቱም ትሕትና የጎደላቸው አይደሉም። የሚጠይቁት ግን የራስን ነው።

የተዘጋ በር መከፈት እንደሚችል እኛም በአገራችን አይተናል። በአዲስ አበባ የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ለተራው ሰው የማይደረስበት ነበር። በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ሲከፈት ብዙዎቻችሁ እዚሁ ሆናችሁ በስልክ ተመልክታችሁታል። አጥሩ አልፈረሰም፤ በሩ እንዲከፈት ተወሰነ እንጂ። የአንድ ቤት በርም እንዲሁ ነው።

ውሳኔው በመጀመሪያ የሚጠበቀው ከአሠሪዎች ነው። ዓርብ እንግዳ የሚበዛበት ቤት ከሆነ ቀኑ ማክሰኞ ይሁን፤ ዋናው ነገር ቀኑ የታወቀና የማይሸራረፍ መሆኑ ነው። ቤተሰቡ ለሽርሽር ሲወጣ ሠራተኛዋ እንድትከተል ከተፈለገም ያ ቀን በዕረፍቷ ላይ አይቆጠር።

የዝግጅት አዘጋጆችም ድርሻ አላቸው። የፌስቲቫሉ ሰዓት፣ የመግቢያው ሁኔታና የመጓጓዣው መረጃ በአማርኛም ቢጻፍ ወጪው ትንሽ ነው። የባሕል ቀን ሲዘጋጅ ቡና የምታፈላ ኢትዮጵያዊት ለትርዒት ብቻ ሳትሆን በእንግድነትም ብትጋበዝ ዝግጅቱ የማኅበረሰብ የሚለውን ስሙን ያገኛል።

ለእናንተ ለአንባቢዎቻችን ደግሞ የምንለው ይህ ነው። ውላችሁን በሙሳነድ ተመልከቱ፤ የዕረፍት ቀኑን በተመለከተ የተስማማችሁትን በዋትሳፕም ቢሆን በጽሑፍ ያዙ። ስትወጡ ኢቃማችሁን አትርሱ፤ ከማን ጋር፣ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ አንድ የምታምኑት ሰው ይወቅ። ሕዝብ በተሰበሰበበት ሁሉ ደላላ አይጠፋም። «የተሻለ ደመወዝ ያለው ቤት አለ፣ ዛሬውኑ ነይ» የሚል ሰው ከተጠጋችሁ ራቁት። በዕረፍት ቀን ወጥቶ አለመመለስ «ሁሩብ» ሊያስብል ይችላል፤ ጉዳቱም ለእናንተ ብቻ አይቆምም፤ ለነገዋ እህታችሁ በሩን ያጠብባል። ቤት መቀየር ካስፈለገ ሕጋዊ መንገድ አለ። ዕረፍት ከተከለከላችሁ ወይም ደመወዝ ከተያዘባችሁ የሰው ሀብትና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር በ19911 አቤቱታ ይቀበላል።

የቴምር ዛፍ ከበረሃ መሀል ፍሬ የሚሰጠው በየተራው ውኃ የሚለቅለት ሰው ስላለ ነው። ገበሬ ወላጆቻችንም ያረሱትን መሬት አንዳንድ ዓመት ጦም ያሳድሩታል፤ ካላረፈ እንደማያበቅል ያውቃሉ። ለመሬት የሚታሰበው ለሰው እንዴት ይቀራል? በዚህ ወቅት ኮርኒሹ ላይ ወይም በአል አሕሳ ቴምሮች ጥላ ሥር አንዲት ኢትዮጵያዊት የማንንም ጋሪ ሳትገፋ፣ ከጓደኛዋ ጋር ተቀምጣ ሻይዋን ስትጠጣ ብናይ፣ የዘንድሮው የሺታ ዝግጅት ተሳክቷል እንላለን።