የትራይፖዱ ሸክምና የኔ ወገብ

ፊልድ ፕራክቲስ ባለ ቀን ጠዋት ስቶሩ በር ላይ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዕቃው በፊርማ ይወጣል፤ ከዚያ ማንም ሳይመድባቸው ጠንከር ያሉት ሁለት ልጆች ትራይፖዱንና የቶታል ስቴሽኑን ሳጥን ያነሳሉ፣ አንዱ የፕሪዝሙን ዘንግ ይይዛል፣ የቀረው ፊልድ ቡክና እርሳስ ይዞ ከኋላ ይከተላል። እኔ ያለፈውን ዓመት በሙሉ ከኋላ ስከተል ነው የከረምኩት። ወገቤን ስለሚያመኝ።

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ የሚያዝንልኝማ ሞልቷል። ነገሩ ሌላ ነው። ዕቃ የምንሸከምበት መንገድ ማን ምን እንደሚማር እየወሰነ ነው፤ ይህንን ደግሞ ዲፓርትመንቱም ሆነ እኛ ልብ ያልነው አይመስለኝም።

ሕመሙ የጀመረኝ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ነው። ከግቢው ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ወደተተከለው ቤንችማርክ ስንሄድ ሳጥኑን በአንድ እጄ አንጠልጥዬ አቀበቱን ሳላርፍ ወጣሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ግን ልረፍ ማለት አፈርኩ። ማታ ምንም አልነበረኝም። በማግስቱ ጠዋት ካልሲ ለማድረግ ጎንበስ ስል እዚያው ደርቄ ቀረሁ። የዶርም ልጆች መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ግን ደግፈው ክሊኒክ ወሰዱኝ። ሐኪሙ እግሬን ይደነዝዘኝ እንደሆነ፣ ሽንቴን መቆጣጠር ያቅተኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ሰው በአስቸኳይ መታየት አለበትና። እኔ ምንም ስላልነበረብኝ "ጡንቻ ነው፤ ተኝተህ አትዋል፣ ተንቀሳቀስ" ብሎ ሸኘኝ። እናቴ በስልክ ስትሰማ መቀነቷን ጠቅልላ በሰው ላከችልኝ፣ ወገብህን ጠበቅ አድርገህ እሰር ብላ። አሰርኩት። የእናት ነገር መቼም አይገፋም።

የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከእናቴ ጋር አይስማማም። ሥር ስለሰደደ የወገብ ሕመም በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባወጣው መመሪያ የወገብ ቀበቶና ድጋፍ በመደበኛ ሕክምናነት እንዳይሰጥ ይመክራል፤ የሚደግፈው የአካል እንቅስቃሴንና ሰው ስለ ሕመሙ አውቆ ራሱን እንዲረዳ ማስተማርን ነው። ያው ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት። ስለዚህ በየግሩፑ አንድ እንደኔ ያለ ቢገኝ የሚገርም አይደለም፤ ዝም ብሎ ስለሚሸከም አናውቀውም እንጂ።

የግሩፔ ልጆች ደጎች ናቸው። "አንተ ምንም እንዳትነካ፣ መዝግብ ብቻ" አሉኝ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ቁጥር ስጽፍ፣ ስደምር፣ ስኬች ስስል ሴሚስተሩ አለቀና የተግባር ፈተናው መጣ። እንደምታውቁት እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን ትራይፖዱን ተክሎ፣ መሣሪያውን ነጥቡ ላይ ሴንተር አድርጎ፣ ሌቭል አድርጎ ማንበብ አለበት። ለለመደው ሰው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን ፉት ስክሩን ወደየት እንደማዞር እጄ ጠፍቶበት ባብሉን ከጥግ ጥግ ሳሯሩጠው ሰዓቱ አለቀ። ቲዎሪውን ብትጠይቁኝ አንድ ሳላስቀር እነግራችሁ ነበር። ውጤቴን እዚህ አልጽፈውም።

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ሳስበው መልሱ ቀላል ነው። ትራይፖዱን የተሸከመው ልጅ ቀድሞ ይደርሳል፤ ደርሶም ዝም ብሎ አይቆምም፣ እግሮቹን ከፍቶ ይተክላል። ሳጥኑን የያዘው ከፍቶ መሣሪያውን ያስራል። መዝጋቢው እያለከለከ ሲደርስ ባብሉ መሃል ላይ ቁጭ ብሏል። ማንም ክፋት አልሠራም፤ ግን የተሸከመ ተማረ፣ ያልተሸከመ ጻፈ። በየግሩፑ ያሉትን ሴት ተማሪዎችም ተመልከቱ። ወገባቸውን አያማቸውም፣ ነገር ግን "ይከብዳችኋል" እየተባለ ደብተሩ እነሱ እጅ ላይ ይቀራል። እስቲ ፊልድ ቡኮቹን ገልጣችሁ የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ እዩ።

ደግሞ ሸክሙ ያን ያህል አይደለም እኮ! የእንጨቱ ትራይፖድ 6 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሳጥኑ ከነመሣሪያው ቢበዛ 10 ኪሎ ቢሆን ነው። ጣጣው ከኪሎው ይልቅ ያለው ሸክሙ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ስታቲክስ የወሰድን ሰዎች ይህ ሊጠፋን አይገባም ነበር። 10 ኪሎ ከአከርካሪ 40 ሳንቲሜትር ርቆ ፊት ለፊት ቢያዝ፣ አከርካሪን ደግፎ የሚይዘው የጀርባ ጡንቻ የሚስበው ከ5 ሳንቲሜትር ገደማ ርቀት ላይ ስለሆነ ሞመንቱን ለማመጣጠን በግምት የ80 ኪሎ ጉልበት ያወጣል። በአንድ እጅ ማንጠልጠልም የራሱ መዘዝ አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. ኤርጎኖሚክስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሸክሙ ለሁለቱም እጅ እኩል ሲከፈል ጠቅላላ ክብደቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ አከርካሪ ላይ የሚያርፈው ጫና በአንድ እጅ ከተያዘው ያነሰ ነው። እኔ ያን ቀን አቀበቱን ስወጣ ያደረግኩት ይህንኑ የከፋውን ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእንጦጦን እንጨት ተሸካሚ እናቶች አንስቶ "እነሱ ያን ሁሉ ተሸክመው ይወርዱ የለ፣ አንተ ወጣቱ ምን ሆነሃል?" የሚል አይጠፋም። ብሎኛልም። እነዚያ እናቶች የሚሸከሙት ምርጫ አጥተው ነው፤ ማታ ወገባቸው እንዴት እንደሚያድር ማን ጠይቋቸው ያውቃል? ሰርቬየር ሸክም ካልቻለ ምኑን ሰርቬየር ሆነ የሚሉ መምህርም አሉን። በአክብሮት እላለሁ፣ ሳይት ላይ ብዙ ጊዜ ዕቃውን የሚሸከሙት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ሰርቬየሩ የሚፈለገው በሚያነበውና በሚያሰላው ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከስቶሩ ጋሼ ነው። ዘንድሮ መጀመሪያ ላይ ሳጥኑን እንደፈራሁት ቆሜ ሲያዩኝ "ልጄ፣ ይኼ ሳጥን እኮ ሲመጣ ማንገቻ ነበረው፣ እንደ ቦርሳ የሚታዘል ነበር፤ ተበጥሶ ቀረ" አሉኝ። ማንጠልጠያ ቀለበቶቹ ዛሬም ጎኑ ላይ አሉ። ከበር ላይ ካለው ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ሁለት ሰፋፊ ማንገቻ አሰፋሁ፤ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ አስደገፍኩት። ጋሼ አንቀልባ ብለው ስም አወጡለት። ሳጥኑን መጀመሪያ አግዳሚ ወንበር ወይም ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ጀርባዬን ሰጥቼ አዝለዋለሁ፤ ከመሬት ጎንበስ ብዬ አላነሳም። ማንገቻውን አሳጥሬ ሳጥኑ ጀርባዬ ላይ ልጥፍ እንዲል አደርጋለሁ። አቀበት ላይ ሳላፍር አርፋለሁ። ትራይፖዱን ለብቻው ስይዝ እግሮቹን አስሬ፣ ሰውነቴ ላይ አስጠግቼ ትከሻ እየቀያየርኩ እሄዳለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አልሸከምም፤ ሌላ ሰው ከሌለ ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። ሕመሙ ለቆኛል አልልም፤ ዝናብ በጣለ ሰሞን አሁንም ይቆረጥመኛል (ዝናቡ ምን እንዳገናኘው ሐኪሙም አልነገረኝም)። ግን ዘንድሮ መሣሪያውን ራሴ እተክላለሁ።

ታዲያ ዲፓርትመንቱን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የተበጠሱት ማንገቻዎች ይጠገኑ፤ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ይህ ወጪ ሊባል አይችልም። ከዚህ የሚበልጠው ግን በየሪፖርቱ ላይ በየትኛው ጣቢያ መሣሪያውን ማን እንደተከለ ይጻፍ፤ መምህራንም ይዩት። ሰዓት ይፈጃል የሚሉ ይኖራሉ። ይፈጃል። ያልለመደ ልጅ ሲተክል ግሩፑ አሥር ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል፣ ፀሐዩም ያቃጥላል፣ ትራቨርሱም ለነገ ሊያድር ይችላል። እኔ የፈተናው ዕለት ብቻዬን ከማፍር ያኔ አምስት ጓደኞቼ ፊት ብንቦጫረቅ እመርጥ ነበር። ወገቡን የሚያመው ልጅ ካለም "አትንካ" አትበሉት፤ የቱን መያዝ እንደሚችል ራሱን ጠይቁት።

አንቀልባው ስቶር ውስጥ ከበሩ በስተግራ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ጋሼን ጠይቋቸው፣ በፊርማ ይሰጧችኋል።