ቪዛ ሲጠየቅ መኖሪያም ይመዘን

ግሪን ካርድ ይዞ በአሜሪካ የሚኖር፣ ሠርቶ ግብር የሚከፍል ኢትዮጵያዊ ሮምን ወይም ፓሪስን ለአንድ ሳምንት ለማየት ቢያስብ የሚጠየቀው ማስረጃ ከአዲስ አበባ የሚያመለክተው ወገኑ ከሚጠየቀው ብዙም አይለይም። የሸንገን ሕግ ማመልከቻውን በሚኖርበት አገር ላለው ቆንስላ እንዲያስገባ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ግን 90 ዩሮ ይከፍላል፤ አሻራ ይሰጣል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን ይገዛል፤ የባንክ መግለጫ፣ የአሠሪ ደብዳቤና የሆቴል ማስያዣ ያያይዛል፤ መልሱንም ይጠብቃል። አገሮች ማን እንደሚገባባቸው የመወሰን ሙሉ መብት አላቸው፤ ቪዛ መጠየቃቸውም ነውር አይደለም። ስህተቱ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። የሰውየው ቋሚ መኖሪያ ከፓስፖርቱ ያላነሰ ክብደት ሊሰጠው ይገባል።

የቱሪስት ቪዛ መርማሪ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው አመልካቹ የተፈቀደለት ጊዜ ሲያበቃ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን ነው። ለዚህ ጥያቄ ከቋሚ ነዋሪነት የበለጠ ግልጽ መልስ ማግኘት ይከብዳል። የግሪን ካርድ ባለቤት ያለ ልዩ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ ቢቆይ ነዋሪነቱን ሊያጣ ይችላል፤ ከስድስት ወር በላይ መራቁም ለዜግነት የሚቆጠርለትን ጊዜ አደጋ ላይ ይጥልበታል። አውሮፓ ውስጥ ያለ ፈቃድ ቢቀር ሥራውን፣ ቤቱን፣ ብዙውን ጊዜም ቤተሰቡን የያዘለትን ሕጋዊ መብት በገዛ እጁ ያፈርሳል። ካርዱን ከማግኘቱ በፊትም አሻራው፣ የወንጀል ታሪኩና ጤናው ተመርምሯል።

ይህን መርህ የአውሮፓ ሕብረት ራሱ ከተቀበለው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሸንገን ቪዛ ሕግ በአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያዎች በኩል ለማለፍ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠይቃቸው 12 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይኸው ሕግ ግን በአሜሪካ፣ በካናዳ ወይም በጃፓን የሚያገለግልና የመመለስ ዋስትና የሚሰጥ የመኖሪያ ፈቃድ ለያዘ ኢትዮጵያዊ ግዴታውን ያነሣለታል። ካርዱ በፍራንክፈርት የመንገደኞች ማለፊያ ላይ ለእምነት ከበቃ፣ ከበሩ ወጥቶ ከተማዋን ለመጎብኘት ሲሆን ዋጋው የሚወርድበት ምክንያት አይታይም። ካናዳ የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪዎችን ዜግነታቸው ምንም ይሁን ምን የጎብኚ ቪዛ አትጠይቃቸውም፤ ፓስፖርታቸውና የነዋሪነት ማስረጃቸው ይበቃል። ሜክሲኮም ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለጃፓን፣ ለብሪታንያና ለሸንገን አገሮች ቋሚ ነዋሪዎች በሯን እንዲሁ ከፍታለች።

የአሁኑ አሠራር ድክመት ጎልቶ የሚታየው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በተላለፈው ውሳኔ ነው። የሕብረቱ ምክር ቤት ኢትዮጵያ በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን መልሳ በመቀበል በኩል በበቂ አልተባበረችም በማለት ለኢትዮጵያውያን መደበኛውን የቪዛ መልስ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ለብዙ ጊዜ መመላለስ የሚያስችል ቪዛም እንዳይሰጣቸው ከለከለ። ውሳኔው መለኪያ ያደረገው ዜግነትን ነው። የክርክሩ ፍሬ ነገር ግን ሰውን ወደ ኢትዮጵያ መመለስ ነው። ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ዳላስ የሚመለስን ነዋሪ የምትቀበለው አሜሪካ ናት፤ አዲስ አበባ ተባበረችም አልተባበረችም ለእሱ ጉዞ የሚለውጠው ነገር የለም። ባልፈጠረው ችግር፣ ሊፈታውም በማይችለው ጉዳይ ዋጋ እንዲከፍል መደረጉ ፍትሕ አይደለም።

«ታዲያ ለምን የአሜሪካ ዜግነት አይወስድም?» የሚሉ ይኖራሉ። በመጀመሪያ፣ ለአብዛኛው ነዋሪ ይህ አምስት ዓመት መጠበቅን ይጠይቃል። ከዚያም በላይ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ጥምር ዜግነትን ስለማይፈቅድ፣ የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ለአንድ ሳምንት ሽርሽር ሲባል የትውልድ አገርን ዜግነት መተው ከማንም ሊጠበቅ አይገባም። ካርድ በሐሰት ሊሠራ ይችላል የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው፤ ፓስፖርትም በሐሰት ይሠራል፤ መፍትሔው ሰነዱን ካወጣው አገር ጋር ማረጋገጥ ነው። የጸጥታ ጥርጣሬ ያለበትን ግለሰብ መከልከልም እንደተጠበቀ ይቀጥላል። የመኖሪያ ፈቃድ ሁሉ እኩል አይደለም የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ትክክል ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአሠሪ ጋር የታሰረ ፈቃድ ሥራው ሲያበቃ አብሮ ሊያበቃ ስለሚችል፣ የመመለስ ማስረጃነቱ ከቋሚ ነዋሪነት ያንሳል። ስለዚህ ጥያቄው የመመለስ መብታቸው በሕግ ለተረጋገጠላቸው ቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው።

የአውሮፓ ሕብረት ለትራንዚት የተቀበለውን ዝርዝር ለአጭር ጉብኝትም ቢያውለው አዲስ መርህ መፍጠር አይጠበቅበትም። ይህ እስኪሆን ቢያንስ ቋሚ ነዋሪዎችን ከ2024ቱ ገደብ ያውጣቸው። የኢትዮጵያ መንግሥትም ከሕብረቱ ጋር ስለ ተመላሾች ሲነጋገር በሦስተኛ አገር የሚኖሩ ዜጎቹን ጉዳይ ለይቶ ማንሣት አለበት። አመልካቾች በበኩላቸው የነዋሪነት ማስረጃቸውን በማመልከቻቸው ፊት ያኑሩ። ቢከለከሉም ምክንያቱን በጽሑፍ የማግኘትና ይግባኝ የማለት መብት ሕጉ ሰጥቷቸዋል፤ ይጠቀሙበት።