የቪአር መነጽር እጅ አያፍታታም

ገንዘብ ላለው ኮሌጅ መሣሪያ መግዛት ቀላሉ ሥራ ነው። ዱባይ ውስጥ የመሐመድ ቢን ራሺድ የሕክምናና የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ በኸለፍ አሕመድ አል ሐብቱር ስም የተሰየመ የሲሙሌሽን ማዕከል አለው፤ አጅማን ላይ ገልፍ ሜዲካል ዩኒቨርሲቲም የራሱን አቋቁሟል፤ ሻርጃም ነርሶችን በዩኒቨርሲቲዋ ታሠለጥናለች። እዚህ አካባቢ የቪአር (የምናባዊ እውነታ) መነጽር ተማሪ ጭንቅላት ላይ መዋሉ አይገርምም፤ እኔም አልቃወምም። የምቃወመው በመነጽር ያለፈ ሰዓት ታካሚ አጠገብ እንዳለፈ ሰዓት ሲቆጠር ነው።

መነጽሩ የሚችለው ነገር አለ። የታካሚው ትንፋሽ ሲፈጥን፣ ኦክስጅኑ ሲወርድ፣ ተማሪዋ ቀድማ ምን እንደምታደርግ ራሷ ትወስናለች፤ ብትሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም፣ እንደገና ትጀምራለች። ዋርድ ውስጥ እንዲህ ያለውን ውሳኔ ለተማሪ የሚተው የለም። እጅን በተመለከተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ 12 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ቪአር የነርሲንግ ተማሪዎችን ዕውቀት እንደሚጨምር፣ በክህሎት ግን ከሌላው የማስተማሪያ ዘዴ እንደማይበልጥ አሳይቷል። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። ካኑላ የምታስገባ ነርስ የአዛውንቱን ደም ሥር በጣቷ ትፈልጋለች፤ ከጣቷ ሥር ሲንሸራተት ቆዳውን ወጠር አድርጋ ትይዛለች፤ ደም ብቅ ሲል መርፌውን ወደ ፊት መግፋት ታቆማለች። ከመነጽሩ ጋር በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ ይነዝራል እንጂ ይህን አያስተምርም።

የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው ጥናት ይጠቀስብኝ ይሆናል፤ በ10 ትምህርት ቤቶች የክሊኒክ ልምምዳቸው ግማሹ በሲሙሌሽን የተተካላቸው ተማሪዎች ከሌሎቹ አላነሱም። ጠንካራ መከራከሪያ ነው። ነገር ግን እነዚያ ተማሪዎች የሰው አምሳያ ማኒኪን ነክተዋል፣ ታካሚ ሆነው ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር ተነጋግረዋል፤ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላም ለዚሁ የሠለጠነ መምህር አብሯቸው ተቀምጦ ስህተታቸውን አስመርምሯቸዋል። ውጤቱን መነጽር ብቻ ለገዛ ኮሌጅ ማውረስ አይቻልም። ታካሚ መለማመጃ አይሁን ለሚሉም መልሱ የፕላስቲክ ክንድ ነው፤ ዋጋው ያን ያህል አይደለም፣ መርፌም ይወጋበታል። ደግሞስ በነዚህ ከተሞች አልጋ ላይ የሚተኛው ሰው ኡርዱ፣ ማላያላም፣ ታጋሎግ ወይም አማርኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። ሕመሙን በምልክትና በፊቱ የሚያስረዳን ሰው መረዳት የሚለመደው እዚያው ዋርድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኮሌጆቹ የመነጽሩን ሰዓት በተማሪዋ መዝገብ ላይ ለብቻው ይጻፉት፤ ለመነጽር ከያዙት በጀትም ከፊሉን ለመምህር ደመወዝ ያዙሩት።