ጂኑ አልጠፋም፣ ሚዩት ተደርጎ ነው

«ካንሰርን የሚያጠፋ ስዊች ተገኘ» የሚል ፖስት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው፦ ስንት ሰው ላይ ተሞከረ? የኢኮኖሚክስ ተማሪ አመል ነው፣ አይለቅም። የታይሮይድ ካንሰር ላይ ግን ጥያቄው በጣም ይጠቅማል።

ታይሮይድ አንገታችን ላይ ያለችው፣ ስታብጥ እንቅርት የምንላት ዕጢ ናት። ሴሎቿ ከደም አዮዲን የሚስቡበት በር አላቸው። ሕክምናውም የሚገባው በዚሁ በር ነው፦ ታካሚው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጨረር ያለው አዮዲን 131 ይውጣል፣ የተረፉት የካንሰር ሴሎች እንደለመዱት ይስቡታል፣ ከውስጥ ያቃጥላቸዋል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ዘዴ ነው።

አንዳንዱ ካንሰር ታዲያ በሩን ይዘጋል። የበሩ ጂን ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ሜታይል የሚባል ትንሽ ኬሚካል መነሻው ላይ ይለጠፋል፣ ወይም ዲኤንኤው የተጠቀለለበት ፕሮቲን ጠበቅ ይላል፣ በቃ፣ ጂኑ አይነበብም። ግሩፕ ሚዩት እንደማድረግ ነው፤ ግሩፑ አለ፣ ድምፁ የለም። ኤፒጄኔቲክስ የሚሉት ይህንን ነው። ቢራፍ በተባለ ሌላ ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥም «ዝም በል» የሚለውን ምልክት ያጠናክራል።

ሚዩት የተደረገ ነገር ይከፈታላ! በ2013 የኒውዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ተመራማሪዎች አዮዲን እምቢ ላላቸው 20 ታካሚዎች ምልክቱን የሚያግድ ሴሉሜቲኒብ የተባለ መድኃኒት ለ4 ሳምንት ሰጡ። የ12ቱ ዕጢ አዮዲን መሳቡን ጨመረ፣ 8ቱ ለአዮዲን ሕክምናው በቁ፣ ከእነሱም የ5ቱ ዕጢ አነሰ።

ፖስቱ እዚህ ላይ ያበቃል። መድኃኒቱ በኋላ አስትራ በተባለ ሙከራ 233 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነበር። ሙሉ በሙሉ ከበሽታው ነፃ የሆኑት 40 በመቶ ሲሆኑ፣ ማስመሰያ ክኒን የወሰዱት ደግሞ 38 በመቶ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ግን ልብ በሉ፣ እነዚህ ገና ከቀዶ ሕክምና የወጡ እንጂ አዮዲን እምቢ ያላቸው አልነበሩም። ስለዚህ እኔ «ሐሳቡ ከሸፈ» አልልም፤ የተሳሳተ ሰው ላይ የተሞከረ ይመስለኛል።

አዮዲን እምቢ ላለው ሰው አሁን የሚታዘዘው እንደ ሌንቫቲኒብ ያለ፣ እስከሠራ ድረስ በየቀኑ የሚዋጥ፣ የደም ግፊትም የሚያስነሳ ክኒን ነው። ለኩባንያ የትኛው ያዋጣል፣ የ4 ሳምንቱ ወይስ ይሄ? ለማስላት ዲግሪ አያስፈልግም። ለዚህ ነው የበር መክፈቻውን ሙከራ መንግሥታት በሕዝብ ገንዘብ ቢያስቀጥሉት የምለው፣ ያውም በሩ ከተዘጋባቸው ታካሚዎች ጀምረው።